የተሳቢው ካሜራ ገመድ

(ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር)



ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ እህል ስናደርስ ሕፃናት መኪናውን ይከባሉ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲሄድ ሾፌሩ በመስተዋት የማያየው ቦታ አለ። ስለዚህ የካሜራው ምስል ሲቆራረጥ ቸል አንበል።

ምስሉ በመታጠፊያ ላይ ብቻ ከጠፋ አስቀድመን ስፒናውን እንመርምር። አቧራና እርጥበት መዳቡን አረንጓዴ ያደርጉታል። የ24 ቮልቱን ባትሪ እናላቅ፤ የዛገውን ቆርጠን ንጹሕ መዳብ እስኪታይ እንላጥ፤ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው እንሰር። የምስሉ ሽቦና በዙሪያው የተጠለፈው መዳብ አይነካኩ። ክዳኑን አጥብቀን ገመዱ እንዳይወጠር ትርፍ እንተውለት፤ ከዚያም እያነቃነቅን ምስሉን እንፈትን።

እስኪጠገን ድረስ ረዳቱ ወርዶ፣ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ቆሞ ይምራው። ለልጆቹ ያመጣነው እህል ልጆቹን አይጉዳ።