በከበባ ውስጥ የተገዛ እርሻ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዘመን ሲከፋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ መከራ መቼ ያልፋል?» የሚለው ነው። ገበሬው ዘሩን በእጁ ይዞ፣ ነጋዴው የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ወላጅም የልጁን መመለሻ ሰዓት እየቆጠረ ይጠይቀዋል። መሐንዲሱም የድልድዩን ንድፍ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይህን ብሠራው ማን ይሻገርበታል? ማንስ ያፈርሰዋል?» ይላል። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው፣ መከራው ካደረሰበት ጉዳት በላይ መጠበቁ ራሱ ይጎዳዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰላም አብዝቶ የሚናገረው ሰላም በጠፋበት ዘመን ነው። ከነቢያት ብዙዎቹ የጻፉት በጦርነትና በምርኮ መካከል ነው፤ ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቶችም አንዳንዶቹ ከእስር ቤት የተላኩ ናቸው። ስለዚህ ክርስቲያን በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው ሰላም መከራን ያላየ ሰው የደረሰው ምክር አይደለም። ይህ ሰላም ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ለባለ ሙያ ይልቁንም ቀርቦ የሚናገረውን የነቢዩን የኤርምያስን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ንጉሡን ኢኮንያንን፣ መኳንንቱንና ጦረኞቹን አፈለሰ። ከምርኮኞቹም መካከል ጠራቢዎችና ብረት ሠሪዎች እንደ ነበሩ መጽሐፈ ነገሥት ለይቶ ይናገራል፤ ቁጥራቸውንም 1000 ያደርሰዋል። ድል አድራጊው ማንን መርጦ እንደ ወሰደ ማስተዋል ይገባል። ቅጥር የሚያቆመውን፣ በር የሚያበጀውን፣ መሣሪያ የሚቀጠቅጠውን እጅ ነቅሎ ወሰደ። ባለ ሙያዋን ያጣች ከተማ የፈረሰባትን መልሳ መጠገን ይቸግራታል። እንግዲህ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን የላከው ደብዳቤ ከሌሎቹ ምርኮኞች ጋር ለእነዚህ ባለ ሙያዎች ጭምር የተጻፈ ነው።

በዚያ ወራት ሕዝቡ ሊሰማው የሚወደው ግን ሌላ ቃል ነበር። የገባዖን ሰው ሐናንያ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር እንደሚሰበርና ምርኮኞቹ እንደሚመለሱ ተናገረ። ኤርምያስ ለምልክት በአንገቱ ያደረገውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ በሕዝቡ ፊት ሰበረው። ኤርምያስ ምኞቱን አልጠላም፤ እንዲያውም አሜን ብሎ እንዲሁ ይሆን ዘንድ ተመኘ። ነገር ግን የተመኙት ሁሉ እውነት እንደማይሆን ያውቅ ነበር።

ከምርኮኞቹ አንዱ የነበረው ነቢዩ ሕዝቅኤልም ይህን የሐሰት ሰላም በግንበኛ ቋንቋ ገልጾታል። ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን ሰዎች፣ የተሠራውን ደካማ ቅጥር ገለባ ባልተቀላቀለበት ጭቃ ከሚመርጉ ሰዎች ጋር አመሳሰላቸው። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ምርግ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለጥቂት ቀን ግን ግድግዳውን ያሳምረዋል፤ የሚያልፍ ሰውም ቅጥሩን ጽኑ ይመስለዋል። ዝናቡና በረዶው ሲወርድ ምርጉ ይረግፋል፣ ቅጥሩ ይወድቃል፣ መሠረቱም ይገለጣል። የነቢዩ ወቀሳ ስለ ምርጉ ብቻ አይደለም፤ ምርጉ የቅጥሩን ጉድለት ከዓይን ስለ ሰወረ ነው። ሰውን ለማጽናናት ሲባል የሚነገር ሐሰትም እንዲሁ ነው፤ መጠገን የሚገባውን ይሸፍናል፣ የጥገናውንም ጊዜ ያሳልፋል።

የኤርምያስ ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ነበር። የምርኮው ዘመን 70 ዓመት እንደሚሆን ገለጠላቸው። ይህን ካነበቡት ጎልማሶች ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግመኛ እንደማያዩ ለመረዳት ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር። ነቢዩ ግን በዚህ ከባድ ቃል አልተዋቸውም። ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ የተማረኩባትንም ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩላት አዘዛቸው፤ የእነርሱ ሰላም ከእርስዋ ሰላም ጋር የተያያዘ ነውና። በሁለት ዓመት እመለሳለሁ የሚል ሰው ዳስ ይጥላል እንጂ መሠረት አይቆፍርም። ቤት የሚሠራ፣ ዛፍም የሚተክል፣ ነገ በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን ያመነ ሰው ነው።

ይህ ምክር ለግፍ መገዛት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ያው ኤርምያስ የባቢሎን ክፋት እንደሚፈረድበትና እርስዋም እንደምትወድቅ ሳይፈራ ተናግሯል። ግፉን ግፍ ማለት አልተወም፤ የከለከለው የግፉን ማለቂያ እየጠበቁ ሕይወትን ማቆምን ነው። ባቢሎንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት በፋርስ ንጉሥ በቂሮስ እጅ ወደቀች። በዚያ የነበረው ዳንኤል የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ የዓመቱን ቁጥር ባስተዋለ ጊዜ ወደ ጾምና ወደ ጸሎት እንደ ተመለሰ ተጽፏል። ለአንድ ትውልድ የተላከው ደብዳቤ ለሚቀጥለው ትውልድ መጽናኛ ሆነ ማለት ነው።

ነቢዩ ለሌሎች የመከረውን በራሱም ላይ ፈጽሞታል። በንጉሡ በሴዴቅያስ በ10ኛው ዓመት የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ ከብቦ ነበር። ኤርምያስም ስለ ተናገረው ቃል በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። በዚህ ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው። ምድሩ በጠላት እጅ፣ ገዢው በእስር፣ ከተማይቱም በረኀብ ላይ ነበረች። በዚያ ወር ስለ መሬት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እንደ እብድ በተቈጠረ ነበር። ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር፣ በዛሬው ሚዛን ወደ 200 ግራም የሚጠጋ፣ መዝኖ ከፈለ። ምስክሮች አቆመ፤ ውሉን ጽፎ አተመ። የታተመውና የተከፈተው ውል ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥም ጸሐፊውን ባሮክን አዘዘው። ምክንያቱም በዚያች ምድር ቤትና እርሻ ወይንም እንደገና እንደሚገዛ እግዚአብሔር ነግሮት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው፣ ነቢዩ ሥራውን በጥንቃቄ መፈጸሙ ነው። እምነት አለኝ ብሎ ሚዛኑን፣ ምስክሩን፣ ፊርማውንና የሰነዱን አጠባበቅ ችላ አላለም። ሁለተኛው፣ ውሉን ከጨረሰ በኋላ የጸለየው ጸሎት ነው። ለከተማይቱ መያዣ የተደለደለው አፈር እስከ ቅጥሩ ደርሶ ሳለ፣ እርሻ ግዛ መባሉ እንዴት እንደ ሆነ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ሰላም ያገኘ ሰው ጥያቄ የለውም የሚሉ ሁሉ ይህን ጸሎት ቢያነቡት መልካም ነው። ኤርምያስ አስቀድሞ ታዘዘ፣ ከዚያም ጠየቀ፤ ጥያቄውንም ወደ ሰጠው አምላክ ወሰደው።

በዚያው ከበባ ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ተጽፎ ይገኛል። መኳንንቱ ኤርምያስን ውኃ በሌለበት የጭቃ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ባወረዱት ጊዜ፣ የንጉሡ ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ወደ ንጉሡ ሄዶ ስለ እርሱ ተናገረ። 30 ሰዎችም ይዞ እንዲያወጣው ተፈቀደለት። አቤሜሌክ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። አስቀድሞ ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅ ሰበሰበ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው በገመዱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው፤ ከዚያ በኋላ ጎትተው አወጡት። ንጉሡን የደፈረው እምነት ስለ አሮጌ ጨርቅም አሰበ። ለባለ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም፤ ትልቁ ምሕረት በትንሹ ጥንቃቄ ይፈጸማልና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክም፣ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት እንዳንቀላፋ፣ በለሱም በእጁ ትኩስ ሆኖ እንደ ቈየ ይተረካል።

ኢየሩሳሌም ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 ዓመት ወደቀች። የእርሻው ግዢ ከበባውን አላስቀረም። እዚህ ላይ ለክርስቲያን የሰላሙ ምሥጢር ይገለጣል። ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሰላሙን ለደቀ መዛሙርቱ የሰጣቸው በተያዘባት ሌሊት ነው፤ ዓለም እንደሚሰጠው ያለ ሰላም እንዳልሆነም አስረድቷቸዋል። በማግሥቱ መስቀል ነበረ፤ ከመስቀሉም በኋላ ትንሣኤ። ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በጸሎት የሚገኘውን የእግዚአብሔርን ሰላም ልብንና አሳብን እንደሚጠብቅ ዘብ አድርጎ ገልጾታል። ዘብ የሚቆመው ጠላት ባለበት ስፍራ ነው። በሁለቱ ቤቶች ምሳሌም ቢሆን ዝናቡ፣ ጎርፉና ነፋሱ በዓለት ላይ የተመሠረተውን ቤት አልማሩትም። ልዩነቱ የታየው ከአፈር በታች ባለው፣ ዓይን በማያየው ክፍል ነው።

እንዲህ ያለው መሠረት በመከራ ቀን ተቆፍሮ በመከራ ቀን አይገነባም። አባቶች ዳዊትን «መድገም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። 150ው መዝሙራት በአሥር በአሥር ተከፍለው፣ እያንዳንዱም ክፍል «ንጉሥ» ተብሎ፣ 15 ንጉሥ ሆነው ይጸለያሉ። በውስጣቸው ምስጋና ብቻ ሳይሆን ለቅሶ፣ አቤቱታና ፍርሃትም ስላለ፣ ደጋሚው በሰላሙ ወራት የተለማመደውን ቃል በመከራው ወራት ከአፉ አያጣውም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚጠረገው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ቅዱስ ቃልንም በየዕለቱ ማንበብ ከዚህ ይመሳሰላል። ጎርፉ ከመጣ በኋላ አካፋ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የሚያድነው ጥቂት ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ከቀጠፈው ሕይወት ሌላ ድልድይና መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አፍርሷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ግጭት ተነሥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የፈረሰውን ለመጠገን የሚላክ ባለ ሙያ፣ የጠገነው ዳግመኛ እንደማይፈርስ የሚያረጋግጥለት ሰው አያገኝም። ኤርምያስም አላገኘም። ያገኘው የታመነ አምላክ ቃልና በዕለቱ የሚሠራ አንድ ሥራ ነው፤ እርሱንም መዝኖ፣ ጽፎ፣ አትሞ አስቀመጠ።

እንግዲህ «መከራው መቼ ያልፋል?» ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ሰው ቀን ቈርጦ አይሰጥም። በዚያ ፈንታ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ በዚህ ቀን የሚሠራው ቤት፣ የሚተከለው ዛፍ፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ወንድም የቱ ነው? የክርስቲያን ሰላም ይህን ሥራ በማይንቀጠቀጥ እጅ ለመጀመር የሚያበቃ ሰላም ነው። ለኢየሩሳሌም የመጨረሻው ቃል የናቡከደነፆር እንዳልነበረ፣ ለማንኛውም ዘመን የመጨረሻው ቃል የጥፋት አይደለም።

የሰላም አምላክ የማኅበሩን አባላትና ቤተ ሰቦቻቸውን፣ አገሪቱንም ይጠብቅ። አሜን።