መጎተትና መግታት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰው የመስክ መኪና ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። «ምን ያህል ይጎትታል?» ሲል ይሰማል እንጂ «ምን ያህል ይገታል?» ሲል አይሰማም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ለማስቀደም ነው። ከመኪና ኋላ ተሳቢ ማሰር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ጋንቾ ይበየዳል፣ ተሳቢው ይያያዛል፣ ጉዞው ይጀመራል። ይሁን እንጂ ተሳቢ ያሰረ መኪና ነጂው ትናንት የሚያውቀው መኪና አይደለም። ርዝመቱ ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ፣ አዟዟሩም ሌላ ሆኗል፤ ለመቆም የሚፈልገው ርቀትም እንደዚሁ ተለውጧል።

ይህ ጉዳይ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው የቅርብ ጉዳይ ነው። ስፍራው የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ስለሆነ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ የሚወስደው ነባር መንገድ በመካከሉ ያልፋል፤ ባለ ስድስት መስመሩ የአዳማ የክፍያ መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ጋራዦች ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ ይውላል። ስለዚህም አንዱ ለጀኔሬተር፣ አንዱ ለእህል መውቂያ፣ ሌላውም ለሕንፃ ሥራ ለሚሆን የውኃ ሮቶ ትንሽ ተሳቢ ያሠራና ከላንድክሩዘሩ ወይም ከላንድሮቨሩ ኋላ አስሮ ወደ ገጠር ይወጣል። መንገዱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ጋሪውም፣ ባጃጁም፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃንም በዚያው ይሄዳሉ።

ከባድ ነገር መጎተት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ሺህ ኪሎ ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰዎች ክንድ ይጎተት ነበር፤ በመንገዱም ላይ የጅዳና የበሽሎ ጥልቅ ሸለቆዎች ነበሩ። በሜዳ ላይ ጎታቹ ቢደክመው ሠረገላው ይቆማል። በቁልቁለት ላይ ግን ያዡ ቢደክመው ሠረገላው አይቆምም፤ በፊቱ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የዛሬው ተሳቢ ሕግም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። በገጠር መንገዳችን ሁሉ የሚታወቀው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር በአውስትራሊያ ሲሸጥ ሁለት የመጎተቻ ቁጥሮች ይሰጡታል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታል፤ ፍሬን ከሌለው ግን ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ ተወስኗል። የአውሮጳ ሕግም ፍሬን የሌለውን ተሳቢ የሚፈቅደው እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን በደንብ አስተውሉ። ሞተሩ ያው አንድ ሞተር ነው፤ ጎማውም፣ ሻንሲውም ያው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያራራቃቸው የተሳቢው ፍሬን መኖርና አለመኖር ነው።

በዚህ ሚዛን የውኃውን ሮቶ እንመዝነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻውን 1,000 ኪሎ ይሆናል። የተሳቢው ብረትና ጎማ ገና አልተቆጠረም። እንግዲህ ፍሬን በሌለው ተሳቢ ላይ ሙሉ ሮቶ የጫነ ሰው፣ መኪናው ያለ ድካም ቢጎትትለትም እንኳ፣ ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው። ግማሽ ውኃ ብሞላስ የሚል ቢኖር ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል፤ በጎደለ ሮቶ ውስጥ ያለ ውኃ በየመታጠፊያውና በየፍሬኑ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ተሳቢውን ያናውጠዋል። ስለዚህ ውኃ የሚያመላልስ ሰው አነስ ያለ ሮቶ ይምረጥ፤ ሲሄድ ሞልቶ፣ ሲመለስ አራግፎ ይጓዝ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጋንቾው ነገር ነው። ጋንቾ ከሻንሲው ጋር እንጂ ከፓራውልቱ ጋር አይታሰርም፤ ፓራውልት ግጭት እንዲቀበል እንጂ ሸክም እንዲጎትት አልተሠራም። ሻንሲውንም በብየዳ እሳት ከማድከም ይልቅ ጋንቾውን በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር በተጻፈበት ጠንካራ ብሎን ማሰር ይሻላል። ዳዶውም ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና ይጥበቅ። የጋንቾው ኳስ መጠንም ይለያያል። በአውሮጳ ሥራ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ ሥራ ግን ከ48 ሚሊ ሜትር በጥቂት የሚያንስም ከ50 በጥቂት የሚበልጥም አለ። ትንሹን ኳስ የዋጠ ትልቅ አፍ በሜዳ ላይ የያዘ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ግን ይወልቃል። ስለዚህ ኳሱና አፉ በአንድ መለኪያ የተሠሩ መሆናቸው ይረጋገጥ። ከዚህም ጋር ሁለት ሰንሰለቶች ከተሳቢው አንገት በታች ተመሳቅለው ይታሰሩ፤ ጋንቾው ቢለቅ አንገቱ መሬት ሳይወጋ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል።

የጭነቱ አቀማመጥ እንደ ክብደቱ ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ በጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። 1,000 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ይህ 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ነው። ኩንታሉም በመኪናው ጋንቾ ላይ ከተጻፈው ልክ እንዳያልፍ ይታይ፤ መኪናው ራሱ ከሚጭነው ዕቃ ጋርም ይደመር። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከተጫነ ጋንቾው ወደ ላይ ይነሣል፤ ተሳቢውም ፍጥነት ሲጨምር እንደ ዓሣ ጅራት ግራና ቀኝ መወራጨት ይጀምራል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከተጫነ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ብዙ ሰው ለዚህ መድኃኒቱ ባሌስትራ መጨመር ይመስለዋል። ባሌስትራ የወረደውን ኋላ ቀና ያደርግ ይሆናል እንጂ ፍሬኑንም ሻንሲውንም አያጠነክርም። ተሳቢው መወራጨት ከጀመረ ነጂው ፍሬን በድንገት አይርገጥ፤ ሮጦ ለማምለጥም ነዳጅ አይስጥ። እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ፍጥነቱ ሲበርድ ተሳቢውም አብሮ ይረጋል።

ስለ ቁልቁለት ስንናገር ሙቀትን ሳናነሣ አናልፍም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,500 ኪሎ ተሳቢ አስሮ ይህን 1,000 ሜትር ይወርዳል እንበል። አየሩና ጎማው የሚይዙትን ትተን ጠቅላላውን ኃይል ፍሬን ብቻ ይቀበለው ቢባል የሚወጣው ሙቀት 130 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ይህን ሁሉ እሳት ጥቂት የፍሬን ሸራ ሊሸከመው አይችልም። ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ነጂውም እግሩን ሲረግጥ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ከባድ ማርሽ ይግባና ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ይያዝ፤ ፍሬኑ ለጭንቅ ሰዓት ይቆጠብ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ፈትቶ መውረድ ሕይወትን በጥቂት ሊትር መሸጥ ነው። ተሳቢው በግፊት የሚሠራ የራሱ ፍሬን ያለው ከሆነ፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ከኋላ የሚገፋው ግፊት የተሳቢውን ፍሬን ያስይዘዋል፤ ሸክሙም ለሁለት ይከፈላል።

ዳገቱም የራሱ ነገር አለው። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ስለሚያጣ በዚህ ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛው ጉልበቱ ጎድሏል። ከፍታው ጉልበቱን ሲቀንስ የጭነቱን ክብደት ግን አይቀንስለትም። ስለሆነም ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ተሳቢ እየጎተተ የሚወጣ ሰው የራዲያተሩን ውኃና የሙቀቱን መለኪያ ደጋግሞ ይመልከት። ቀድሞ ከነበረውም ፍጥነት ይቀንስ።

ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ዋልካው ለሚገባም ሁለት ምክሮች አሉ። አንደኛው፣ የተሳቢው ጎማዎች ስፋት ከመኪናው ጋር ትክክል ይሁን፤ ያን ጊዜ ተሳቢው መኪናው በጭቃው ውስጥ በከፈተው ፈለግ ይከተላል እንጂ ለራሱ ሌላ ጭቃ አይቆፍርም። ሁለተኛው፣ የተሳቢው ጎማና የብሎኑ ቀዳዳ ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ስኮርታ ለሁለቱም ያገለግላል። የኩሽኔታው ግራሶም በተለይ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ይታይ።

መብራትም አይዘንጋ። ተሳቢው የመኪናውን የኋላ መብራት ስለሚሸፍን የራሱ ፍሬቻና የራሱ የፍሬን መብራት ሊኖረው ግድ ነው። ከከባድ መኪና የተወሰደ አምፖል የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ የመስክ መኪናችን ባትሪ 12 ቮልት ከሆነ ይህ አምፖል ጭል ጭል ከማለት በቀር በሩቅ አይታይም። ወደ ኋላ ሲኬድም ተሳቢው መሪው ከዞረበት በተቃራኒ እንደሚዞር ይታወቅ፤ ረዳት ወርዶ ኋላውን ሳያይ፣ ሕፃናትንም ሳያርቅ፣ አንድ ክንድ እንኳ ወደ ኋላ አይኬድ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ተሳቢ ያሠራችሁ ሁሉ ከጋራዡ እንደወጣችሁ ወደ ትልቁ መንገድ አትግቡ። ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ፣ ጭነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በሰዓት 20፣ ቀጥሎ 30፣ ቀጥሎም 40 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ አቁሙና በየጊዜው የፈጀውን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያበርደው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን እርምጃችሁ ራሱ ያስረዳችኋል። ርቀቱ ካስደነገጣችሁ ጭነቱን ቀንሱ፤ ወይም ፍሬን እስኪገጠምለት ድረስ ተሳቢውን ፍቱት። ለፍሬኑ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ቢመስልም በዚያው መንገድ ዳር ከሚሄደው ከሰው ልጅ ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በዚህ ንግግሬን እፈጽማለሁ። ጉዟችሁ የሰላም ይሁን።