ከመድረክ የተቀዳ ድምፅ፣ ከእጅ ወደ እጅ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ድምፃዊ ሲመጣ ቴፕ ሪከርደር ይዘን አዳራሽ የምንገባበት ዘመን ነበር። ሱቅ የሚሸጠው ካሴት እያለ ለምን? ድምፃዊው መድረክ ላይ ሲወጣ ትዝታውን ያስረዝመዋል፤ ታዳሚውን እያየ ስንኝ ይጨምራል። ያ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም።

በማግሥቱ ባዶ ካሴት ይዘን ባለካሴቱ ቤት እንሄዳለን። ዋጋው ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ካሴት ነበር፦ የእንቁጣጣሹን ሰጥተን የፋሲካውን እንወስዳለን። የ90 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጽ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ እስኪገለበጥ ድረስ ጥሩው ዘፈን ያመልጣል። ከቅጂ ላይ ሲቀዳ ደግሞ ሹክሹክታው ይጨምራል። ቢሆንም ዋናው ሲጠፋ የተረፈው ያ ቅጂ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሚቀዱ አድናቂዎቹ በኮንሰርቱ ላይ የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ደንቡ አንድ ነበር፦ መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ዝግጅት ቅጂ ለዓመታት በአድናቂዎች እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2011 የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ዛሬ በመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ። ወጣቶቻችን ካሴቶቹ በሙሉ ዩቲዩብ ላይ ይውጡ ይላሉ። ታላላቆቻችን ደግሞ ከሣጥን አይውጡ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ካሴት በእርጥበትና በሙቀት ይሞታል። በሌላ በኩል ድምፁ የባለሙያው እንጀራ ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ሰጥቷል፤ የምንኖርባት ኬንያም የራሷ ሕግ አላት።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ አሁኑኑ ወደ ኮምፒውተር እናስገልብጥ፤ ድምፃዊው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ግን ለሕዝብ አናውጣ፤ ማንም አይሽጥ። ፈቃድ ስንጠይቅ ቅጂውን ለራሳቸው እንስጣቸው፤ ምናልባት እነሱ እጅ የሌለው እኛ ዘንድ ይሆናል።

እስከዚያው በካሴቱ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። የሻገተውን አታጫውቱ፤ ክሩ ይበጠሳል። ከተገለበጠም በኋላ ካሴቱን አትጣሉ። ከሁሉ በላይ ቀኑን፣ አዳራሹን፣ ድምፃዊውንና ባንዱን ጻፉበት። ይህን የሚያስታውሱት ታላላቆቻችን ናቸው፤ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።

ስታዳምጡም ከዘፈኑ በስተጀርባ የሚያጨበጭበውን፣ የሚስቀውንና እልል የሚለውን ስሙ። ከእነዚያ ድምፆች አንዳንዶቹን ዳግመኛ የምናገኘው እዚያ ብቻ ነው።

መልካም በዓል!