ባዶ አዳራሽ አናሙቅ



የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ ሲበዛብን ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ማሽኑን ስለ መለወጥ ነው። ሆኖም በትልልቅ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያባክነው ማሽኑ ሳይሆን መቆጣጠሪያው ነው።

በኒው ዮርክ ያለውን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው ይህ ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ ከ2009 ጀምሮ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ባለሙያዎቹ ትልቅ ማቀዝቀዣ ለመግዛት አልተጣደፉም። 6,514 መስኮቶችን እዚያው ሕንፃው ውስጥ አደሱ፤ ከማሞቂያዎቹ ጀርባ ሙቀት የሚመልስ መከላከያ አደረጉ፤ መቆጣጠሪያዎቹንም አሻሻሉ። ሸክሙ ስለቀለለ ነባሮቹን ማቀዝቀዣዎች ማደስ በቂ ሆነ። የዕቅዱ ግብ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ መቀነስ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ እንጠንቀቅ። ማሞቂያው በ20 ዲግሪ ቢቆምና ማቀዝቀዣው በ25 ቢጀምር፣ በመካከሉ ሁለቱም ያርፋሉ። ሁለተኛ፣ ንጹሕ አየር እንደ ሰዉ ብዛት ይግባ፤ በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ይህን ያዝዛል። ሦስተኛ፣ ማራገቢያው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ አይሩጥ፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀነስ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

በብርድ አገር የምትሰበሰቡ ምእመናን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እሑድ ብቻ የሚሞላ አዳራሽ ሳምንቱን ሙሉ እንደ እሑድ ሊሞቅ አይገባውም። ሆኖም ማሞቂያውን ፈጽሞ መዝጋት የውኃ ቧንቧ በረዶ ሆኖ እንዲፈነዳ ስለሚያደርግ፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ መተው ይሻላል።

ስለዚህ በየአጥቢያችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ለመቆጣጠሪያው ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው ሰይሙ። ሰዓቱ ከጉባኤው ሰዓት ጋር መስማማቱን በየወሩ ይመርምር፤ የዘንድሮውን ሒሳብ ካምናው ጋር ያስተያይ። ይህ ሒሳብ የሚከፈለው ሰዎች ከጉድለታቸው ቆርሰው ከሰጡት ገንዘብ ነው። ባዶ ወንበር ከማሞቅ ሰው ብንረዳበት ይሻላል።