ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን የቦይ ጠረጋ ወይም የጥበቃ መዋጮ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ ገቢ በማን እጅ ገብቶ በማን እጅ እንደሚወጣ፣ ማን ጠግቦ ማን ጎድሎበት እንደሚያድር ለመመካከር ነው። «የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም» የሚል አይጠፋም። እኛም የማንንም ገበና አናወጣም። ነገር ግን በየቤቱ ያለ ችግር የሰፈሩ ሁሉ ችግር ነው።

እንደሚታወቀው እርዳታም ሆነ መዋጮ ሲመደብ የሚቆጠረው ቤት ነው። «ይህ ቤት ደህና ገቢ አለው፣ ያኛው ችግረኛ ነው» እንላለን። ይሁን እንጂ ደህና ገቢ ባለው ቤት ውስጥም የተቸገረ ሰው ይኖራል። አባወራው ደመወዙ ስንት እንደሆነ ሳይናገር የአስቤዛ ብቻ ቆጥሮ ይሰጣል። የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲጨምር አስቤዛው ባለበት ይቆማል። ጉድለቱን የምትሞላው እናት ናት፤ ጉልት ተቀምጣ፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣ፣ ካልሆነም ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ። የእሱ የኪስ ገንዘብ ለብቻው ነው፤ የእሷ ግን ገና ሳይቆጠር ሽሮና በርበሬ ይሆናል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ!

በመሶቡም ዙሪያ ያው ነው። ሥጋና እንቁላል ሲገኝ በብዙ ቤት ለአባት፣ ቀጥሎ ለወንድ ልጅ ይቀርባል። እናት ሁሉን አብልታ የተረፈውን ትቀምሳለች፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከእሷም በኋላ ናት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ከወትሮው የበለጠ ምግብ ያስፈልጋታል። የደም ማነስ ያለባት እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ቢፈሳት ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦታል። ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስለተቀበለው ገቢ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብላ የጠየቀች ሚስት ነገር ፈላጊ አይደለችም፤ መብቷ ነው። ባልም የሚስቱን ገቢ የመጠየቅ መብት አለው።

ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል የሚለው ለውጥ እንደሚያመጣ በሌላ አገርም ታይቷል። በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአባት ደመወዝ በኩል ይታሰብ የነበረው የልጆች ድጎማ በቀጥታ ለእናት እንዲከፈል ተደረገ። በኋላ ሲጠና፣ ለሴቶችና ለልጆች ልብስ የሚወጣው ገንዘብ ከወንዶች ልብስ አንጻር ጨምሮ ተገኘ። የገቢው ባለቤት ያው ቤተሰብ ነው፤ የተለወጠው ተቀባዩ እጅ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ ደመወዝ በተከፈለ ቀን ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የሁለቱንም ገቢ፣ የጉልቱንም ጭምር፣ በደብተር ይጻፉ።

2ኛ/ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ የልጆች ትምህርትና የእድር ይቅደም። ከተረፈ፣ ትንሽም ብትሆን ለሁለቱም እኩል የኪስ ትሁን።

3ኛ/ ዕቁብንና ዕዳን አንዱ ከሌላው አይደብቅ። የቤቱን ሂሳብ ከቀብር በኋላ፣ አበዳሪ በር ሲያንኳኳ ማወቅ ኀዘን ላይ ኀዘን ነው።

4ኛ/ መሶብ ላይ እናትም ሠራተኛዋም አብረው ይቅረቡ። እንቁላሉ አንድ ከሆነ ለነፍሰ ጡሯ ወይም ለሕፃኑ ይሁን።

ይህን ለማድረግ መዋጮ አንጠይቅም። ከዛሬው ራት መጀመር ይቻላል።