ጀማሪው መሐንዲስ በቅጥር ፈተና ፊት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ከተገኙት አንጋፋ መሐንዲሶች መካከል በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ለቅጥር የቃል ፈተና ቀርበው የማያውቁ አሉ። ይህ የተነገረው ለቀልድ አይደለም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ምሩቅ በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይሰማራ ስለነበረ፣ ሥራ ፈላጊና ሥራ ሰጪ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚመዛዘኑበት ጠረጴዛ እምብዛም አልነበረም፤ የምደባው ደብዳቤ ይወጣል፤ ወጣቱም ሻንጣውን ይዞ ወደ ተመደበበት ይሄዳል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ይህ አሠራር ቀረ። ከዚህም የተነሣ ዛሬ በፈታኝነት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አልፎ አልፎ ራሱ ያልተፈተነውን ፈተና የሚፈትን፣ ተፈታኙም ማንም ያላስተማረውን ፈተና የሚፈተን ሆኖ ይገኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ እንዳለበት ይታወቃል። ይህን ያለፈ ወጣት ትምህርቱን እንደሚያውቅ በመጠኑም ቢሆን ተመስክሮለታል። ሆኖም ለአንድ ጀማሪ መሐንዲስ ቦታ የሚቀርበው የማመልከቻ ክምር እንደሚያሳየው፣ ትምህርቱን ማወቅና ማወቁን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለማያውቁት ሰዎች ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከወጣቶቹ ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ቦታው ቀድሞ ተይዟል፤ ማስታወቂያው ለይስሙላ ነው» የሚለው ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብሎ ደፍሮ የሚከራከር ባልደረባ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ሁሉም ቦታ የተያዘ አይደለም፤ ባልተያዘው ቦታ ላይ ሳይዘጋጅ የሚቀርብ ሰውም ቦታውን በገዛ እጁ ለሌላው ያስይዛል።

መጀመሪያ ስለ ማስረጃዎቹ ጥቂት ይነገር። የቅጥር ኮሚቴ ብዙውን አመልካች የሚጥለው ፊቱን ሳያይ በወረቀቱ ነው። ከሚያስጥሉት ነገሮች ሁለቱ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የተለዩ ናቸው። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተመረቀ ወጣት በዲግሪው ላይ የተጻፈለት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2022 ሊሆን ይችላል፤ አሠሪው የሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግን ከኅዳር 2015 እስከ ኅዳር 2017 ይላል። አመልካቹ ሁለቱን ቁጥሮች «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይል ጎን ለጎን ቢያሰፍራቸው፣ ከመመረቁ 7 ዓመት ቀድሞ ሥራ የጀመረ፣ 5 ዓመት ቀድሞም ሥራውን ያቆመ ታምረኛ ሰው ይሆናል። የአዲስ አበባ ኮሚቴ ይህን ስቆ ያልፈው ይሆናል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ አሠሪ ግን እንደ ሐሰተኛ ማስረጃ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ሁለተኛው ስም ነው። ጸጋዬ ወይም ጨርቆስ የሚባል ሰው ስሙ በላቲን ፊደል በትራንስክሪፕቱ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ በልምድ ደብዳቤው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ይህን ማስተካከል ወራት ይፈጃልና ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የልምድ ደብዳቤው ጉዳይ ግን ከወጣቶቹ ይልቅ በዚህ የተቀመጡትን አሠሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። በተግባር የሚሰጠው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ «በመሥሪያ ቤታችን በሳይት መሐንዲስነት በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» ከማለት አያልፍም። ይህን ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሠረት ቁፋሮ የተቆጣጠረውም ወጣት፣ ቢሮ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ የከረመውም እኩል ይዘውት ይቀርባሉ። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደነበረ፣ ወጣቱ የትኛውን ክፍል እንደተከታተለ፣ የሥራ መጠን ልኬትና የክፍያ ሰርተፊኬት ያዘጋጅ እንደነበረ በሦስት መስመር መጻፍ ለኃላፊው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ለወጣቱ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ደብዳቤው ባዶ ሲሆን ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚገዛውና እውነተኛውን ልምድ ያካበተው አይለዩም፤ በሐሰተኛ ደብዳቤ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ነገ አርማታ ሲሞላ ቆሞ የሚያጸድቀው እሱ ነው።

ወደ ቃል ፈተናው ስንመጣ፣ በደንብ ያልተጤነ አንድ የባህል ጠባይ ይገጥመናል። በእኛ ዘንድ ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ በደግ ቤት ያደገ ልጅ «እኔ ሠራሁ» ከማለት «ተሠራ» ወይም «ሠራን» ማለትን ይመርጣል። ይህ አነጋገር በጉርብትና ዘንድ ያስከብራል። በፈተና ጠረጴዛ ላይ ግን ሰውየውን ይሰውረዋል። «የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ ተሳትፈናል፤ ሙከራዎችም ተደርገዋል» የሚል መልስ የሰማ ፈታኝ፣ ይህ ልጅ የአፈር ጥቅጠቃውን ናሙና ራሱ ወሰደ ወይስ ላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ፋይል ውስጥ አስገባ፣ ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔው ጉራ መንዛት አይደለም። በቅጽል ፈንታ ግሥና ቁጥር መናገር ነው። «ጎበዝ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ» ማለት ያሳፍራል፤ «በየቀኑ የስላምፕ መለኪያውን እኔ እወስድ ነበር፤ ከልክ ያለፈውን መኪና ሁለት ጊዜ መልሻለሁ» ማለት ግን የሥራ ሪፖርት እንጂ ራስን ማመስገን አይደለም። ወጣቱ ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት የሠራቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ በወረቀት አስፍሮ፣ በእያንዳንዱ ላይ ራሱ የወሰነው ምን እንደነበረ ቢጽፍ ከማናቸውም የመጽሐፍ ክለሳ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። ምሕንድስናውን የተማረው በእንግሊዝኛ፣ ከፎርማኑ ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ፈታኞቹም ጥያቄውን በአንዱ ጀምረው በሌላው ይጨርሳሉ። ቀመሩን በእንግሊዝኛ በቃሉ የሚወጣ ሰው «ይህን ለግንበኛው እንዴት ትነግረዋለህ?» ሲባል የሚደናገር ከሆነ፣ የተደናገረው በአማርኛው ሳይሆን በመረዳቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድን ጉዳይ በሁለቱም ቋንቋ፣ ድምፅን አውጥቶ፣ በተለይም መሐንዲስ ላልሆነ ወንድም ወይም እኅት ማስረዳት ትልቅ ልምምድ ነው።

ጥሩ ጥያቄና ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስሉ በአንድ ምሳሌ ማየት ይበጃል። ፈታኙ «የሲ-25 አርማታ የ7 ቀን ናሙና 13 ሜጋ ፓስካል ቢመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የ7 ቀን ጥንካሬ በአብዛኛው ከ28 ቀኑ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚሆን 16 ወይም 17 ይጠበቅ ነበር። ያልተዘጋጀው ተፈታኝ «አስፈርሰዋለሁ» ይላል፤ ቆራጥ ለመምሰል ነው። ሌላው «28 ቀን እጠብቃለሁ» ይልና ዝም ይላል። የተዘጋጀው ግን ጥያቄውን በጥያቄ ይጀምራል፤ ሲሚንቶው ምን ዓይነት ነበር? ፖዞላና የተቀላቀለበት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ ሊዘገይ ይችላል። ኪዩቦቹ እንዴት ተሞሉ፣ የት ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጥተዋል? በዚያው ቀን የተወሰደው ስላምፕ ስንት ነበር? ከዚያም ውጤቱን ለአማካሪው መሐንዲስ በጽሑፍ እንደሚያሳውቅ፣ የወለሉ ድጋፍ እንዳይነቀልና በላዩ ጭነት እንዳይጨመር እንደሚያደርግ፣ የ28 ቀኑም ውጤት ከወደቀ በመዶሻ ሙከራና ከራሱ ከሕንፃው በሚወጣ ኮር ናሙና እንደሚያጣራ፣ ማፍረስ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑን ይናገራል። ይህ መልስ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ልምድ የሌለው አዲስ ምሩቅም ቢሆን ግን አንድ ሳይት ላይ ጥቂት ቀናት ፎርማን ተከትሎ ቢውል ግማሹን ያገኘዋል።

እንዲሁም የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራበትን ኮድ የማያውቅ ተፈታኝ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድና ከአውሮፓ ኮዶች የተወሰደው የ2007 ዓ.ም. ኮድ በመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ረገድ እንኳ አንድ አይደሉም። ስሌቱ የተሠራው በሶፍትዌር ነው ማለት መልስ አይሆንም።

ስለ ደመወዝ ሲጠየቁ አንገት መድፋትም ሆነ ከሰማይ የወረደ ቁጥር መጥራት አይጠቅምም፤ በተመሳሳይ ቦታ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ባልደረቦችን አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ መሆኑንና በአዋጁ መሠረት ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ማወቅም ለተቀጣሪው ይበጀዋል።

በመጨረሻ ለፈታኞች የቀረ አንድ ጉዳይ አለ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ሦስቱ ወይም አራቱ ፈታኞች ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምን ዓይነት መልስ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ተስማምተው ካልጻፉ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ለአማረ አነጋገርና ለሚታወቅ የአባት ስም ይሆናል። ያላለፈው አመልካችም ከየክልሉ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከዘመድ ቤት አድሮ የመጣ ነው። በየት በኩል እንደጎደለው በሁለት መስመር ደብዳቤ ወይም በስልክ ሊነገረው ይገባል፤ እስከ ዛሬ ግን አብዛኛው የሚያገኘው መልስ ዝምታ ነው።