ምልክቱ ከመለጠፉ በፊት
(በደሴና በኮምቦልቻ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለመንገድ ዳር ምግብ ሻጮች የጋራ ምልክት ይሠራልን ሲባል ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብዬ ነበር። ሐሳቤን ለምን እንደቀየርኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ሳምቡሳ ስጠብስ፣ ከእኔ ራቅ ብሎ ከተሸጠ ምግብ አንድ ልጅ ታመመ ተባለ። ከማን እንደተገዛ የለየ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁትን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ገዢው እኔን ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ምልክት ያስፈልገናል። ከቀረቡት ሥዕሎች አንዱ የጦሳ ተራራ ነው፤ ያምራል፤ የኮምቦልቻ እህቶቻችን ግን «የእኛስ የት አለ?» አሉ፤ እውነት አላቸው። ሌላው በስድስት ቀለም ስለተሣለ በጃንጥላና በሽርጥ ላይ ለማተም ውድ ነው። እኔ የምመርጠው በአንድ ቀለም የተሣሉትን ሦስት ጉልቻዎች ነው። የጾሙም የፍስኩም፣ የኢፍጣሩም ምግብ በጉልቻ በስሎ ነው ያደግነው። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ከመንገድ ማዶ ታውቀዋለች።

ሥዕሉ ብቻ ግን አይበቃም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ ምልክትን ይፈቅዳል፤ ከማመልከቻው ጋር ግን የአጠቃቀም ደንቡ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። ለደንባችን የዓለም ጤና ድርጅት 5 ቁልፎች መነሻ ይሁኑን፦ ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግቡን በተገቢው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ያልተበላሸ ግብዓት መጠቀም።

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ደንቡን የጣሰችን እህት ምልክት ማን ያነሳል? የዕቁብ ጓደኛዬ ብትሆን እደፍራለሁ ወይ? ካልደፈርን ጉዳቱ ከአምናው ይብሳል። ያኔ የተጠረጠርነው መናኸሪያው አጠገብ ያለነው ብቻ ነበርን፤ ምልክቱን ከለጠፍን በኋላ ግን በአንዷ ጥፋት የሁለቱ ከተማ እህቶች ሁሉ ከገበያ እንወጣለን። ስለዚህ ከሁለቱም ከተማ የተመረጡ እናቶች ይዳኙን፤ ያጠፋችው ምልክቱን ታውርድ፤ እስክታስተካክል ግን አንጣላት፣ እናግዛት።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ለማተሚያ ከምትሰጡን በፊት ለእያንዳንዷ ሻጭ ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ይቅደምልን።

ጉልቻ ወጥ አያጣፍጥም፤ ያለ ጉልቻ ግን ድስቱ አይቆምም።